የዳዊት ዝምታ ንቀት አይደለም

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የደም ግፊትህስ ወረደልህ? ወንድሜ ዳዊት በስልክ «ደህና ነው» ከማለት አያልፍም፤ አንተም ስለ ጤናህ ስትጠየቅ በቀልድ ታመልጣለህ። እባክህ ተሻለኝ ብለህ ክኒኑን እንዳታቋርጥ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ አፏን በእጇ እየሸፈነች ትስቃለች። ትንሹ ያስተማርከውን እንቆቅልሽ ላገኘው ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ መልሱንም አብሮ ይናገራል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዳዊት ነው። ያን ቀን እንግዶች ፊት «ይህ ልጅ ቤቱን በእንቅልፍ ሊገዛው ነው» ስትለው ሁሉም ሳቀ። እሱ ፊቱ ሳይፈታ «ቤት የመግዛት ሐሳብ የለኝም» ብሎ መለሰልህ፤ ሳቁ ባሰ። ሳህኑን ትቶ ተነሣ። አንተም «ንቆኝ ነው» አልክ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

አባዬ፣ አልናቀህም። የያዘው የአእምሮ ሕመም፣ ስኪዞፍሬኒያ፣ የሌለ ድምፅ መስማትና ሰውን መጠራጠር ብቻ አይደለም። ቀልድ የሰሚውን ሐሳብ በአንድ መንገድ ወስዶ ድንገት ያጥፈዋል። ሰሚው የመጀመሪያውን ትርጉም ጥሎ ሁለተኛውን መያዝ፣ ተናጋሪው ምን አስቦ እንዳለውም መገመት አለበት፤ ያውም በቅጽበት። ይህን የሚሠሩት በግንባር በኩልና ከጆሮ በላይ ያሉ የአንጎል ክፍሎች ተቀናጅተው ነው፤ በዚህ ሕመም የሚላላው ቅንጅታቸው ነው። ስለዚህ ሰሙን ይዞ ወርቁ ያመልጠዋል። ሐኪሞች ለታማሚ ተረትና ምሳሌ እየሰጡ ፍታ ይሉት የነበረው ይህንኑ ለማየት ነው። መድኃኒቱ ድምፁንና ጥርጣሬውን ቢያስታግስለትም ይህን ብዙም አይመልስለትም። ፊቱ አለመፈታቱም ሕመሙ ነው፤ ውስጡ ደስ ብሎት እንኳ ፊቱ ላይ ላይታይ ይችላል። ደግሞ አስበው፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ምክንያቱ ያልገባው፣ መጠራጠርም ያደከመው ሰው፣ የተሳቀው በእኔ ነው ቢል ምን ይፈረድበታል? ያን ቀን ደግሞ እውነትም በእሱ ነበር የተሳቀው።

ሁሉም ታማሚ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሳቅም አልጠፋበትም። ድመቷ መጋረጃው ላይ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ እንዴት እንደሳቀ አይተሃል። በዓይን የሚታየው ይቀለዋል፤ የሚከብደው በቃል ውስጥ የተደበቀው ነው።

እንደምታዝን አውቃለሁ። እስኪታመም ድረስ ጨዋታህን የሚቀበልህ እሱ ነበር፤ እኔ ገና ሳስብ እሱ መልሶልህ ትስቁ ነበር። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ10ዎቹ መጨረሻና በ20ዎቹ ዕድሜ ነው፤ የእኛንም ልጅ የወሰደብን ልክ በዚያው ዕድሜ ነው። ግን ኀዘንህን በስድብ አታውጣበት። ሰው ፊት አትቀልድበት። ብቻችሁን ስትሆኑ አምልጦህ ከቀለድክም «ቀልዴን ነው» በለውና ምን ለማለት እንደፈለግክ በቀጥታ ንገረው። አያፍርም፤ እኔ ሳደርገው «እሺ፣ ገባኝ» ይለኛል፣ አንዳንዴም ቆይቶ ይስቃል።

የዳዊት የመድኃኒት መርፌ ማክሰኞ ነው። አብረኸው ሂድ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀው ግን ራሱ ይመልስ፣ ቢዘገይም ጠብቀው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። አንተ ስትደክም ዳዊት ከማን ጋር እንደሚኖር መነጋገር አለብን። በስልክ ባነሣሁት ቁጥር «እኔ መቼ አረጀሁ» እያልክ ታስቀኛለህ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ እንመጣለን። ያን ጊዜ ዳዊትም ባለበት እናውራው፣ ለሦስታችንም በሚገባን ቋንቋ።

የምትወድህ ልጅህ