የእማዬን ክፍል ላከራየው?

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣ ለእህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ደወልሽ፣ አላነሳሁም። ጻፍሽ፣ አልመለስኩም። ከእማዬ ሙት ዓመት ወዲህ ስምሽ ስልኬ ላይ ሲመጣ እያየሁት ዝም እለው ነበር፤ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማለቅስ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ። አንቺም ማኩረፉን እዚህ ላይ ተዪው፤ ስታኮርፊ እንዴት እንደምትሆኚ ከሆጤ ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ናፍቆት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ፣ ጉዳይ አለኝ። የእማዬን ክፍል ላከራየው ወይስ አላከራየው እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በወር አይደለም፣ በቀን። አንቺ ኮንዶሚኒየምሽን እንደምታደርጊው፣ አንሶላ ተነጥፎ፣ ፎጣ ተጣጥፎ፣ ለሁለት ሌሊት፣ ለሦስት ሌሊት።

ሐሳቡን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። «አክስቴ፣ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚመጣው፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የሚመላለሰው፣ ልጁን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ የሚመጣው፣ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ደሴ የሚያድረው፣ ሁሉም ሆቴል አይወድም፤ ቤት የሚፈልግ አለ» ይለኛል። ኤርቢኤንቢ የሚሉትን የእንግዳ ቤት ማከራያ ድረ ገጽም በስልኩ አሳየኝ። በፈረንጆቹ 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ጓደኛሞች ሳሎናቸው ላይ የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው ሦስት እንግዳ በክፍያ አሳደሩ፤ ከዚያ ነው የተጀመረው አለኝ። እሱ ስለ ፍራሹ ሲያወራ እኔ ዓይኔ ላይ የመጣው የእማዬ ጀንዲ፣ ያ የቆዳ መኝታዋ ነው።

መስከረምን ታስታውሻለሽ። ከ18 ጀምሮ ወደ ግሸን ማርያም ንግሥ የሚወጡት በራችንን ሲያንኳኩ፣ እማዬ «የእግዜር እንግዳ፣ ግቡ» ስትል። በዚያች ጠርዟ በተላጠ ሰማያዊ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ እግራቸውን ታጥባለች፣ እኔና አንቺ ማንቆርቆሪያ ይዘን እንቆማለን። አንድ ሽማግሌ ሲሸኙ ከኪሳቸው አምስት ብር አውጥተው ሊሰጧት ሲሉ ጣታቸውን በጣቷ መልሳ አጠፈችና «እዚያ ስትደርሱ ስሜን ጥሩልኝ» አለቻቸው። በ2013 ነሐሴ ከወልዲያና ከቆቦ የተፈናቀሉት ሲመጡም በዚያው ክፍል አሥራ አንድ ሰው አደረ። በጥቅምት ደግሞ እኛው ራሳችን… እሱን አላነሳውም፤ ካነሳሁት ደብዳቤው አያልቅም። ግን ያኔ ሳሎንሽ ውስጥ ለተኛንበት ሒሳብ ብትጠይቂኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር? አሁን እኔ በዚያ ክፍል በር ላይ ቆሜ «ለሌሊቱ ይሄን ያህል ነው» ማለት እንዴት እችላለሁ?

በሌላ በኩል ጡረታዬን ታውቂዋለሽ። ከ2016 ሐምሌ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የማይነካ ነገር የለም፣ ቆርቆሮም ጭምር። ጣራው ደግሞ በእማዬ አልጋ ራስጌ በኩል ያፈሳል። ዝናብ ባለ ሌሊት ያችን ሳፋ ሥሩ አስቀምጬ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ አድራለሁ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ሰኔ ላይ ሞክሬዋለሁ። ደሴን ሠላሳ ዓመት ያላዩ አንድ ትልቅ ሰው ሦስት ሌሊት አደሩ። ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም እንደተሸፈነ ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ፣ አይጠየፍን ሊያዩ ይወጣሉ። ሲሄዱ ገንዘቡን መቀበል አቃተኝ፤ ልጁ በቴሌብር ተቀበለልኝ። እኔን የነካኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የመጀመሪያው ሌሊት ከዚያ ክፍል ሳል ሰማሁ። ሽማግሌው ነበሩ ያሳሉት፤ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ብዬ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ታዲያ ወሬው ሲሰማ አንድ ጎረምሳ ደወለና «ለሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። ዘጋሁበት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ። በእማዬ አልጋ ሾርት! የእድር ሰዎች «አልጋ ቤት ከፈተች» ቢሉኝ የት እገባለሁ? ጎረቤታችን ሐጂዋ ብቻ ናቸው ያጽናኑኝ፤ «አብሽሪ፣ እንግዳ ሲሳዩን ይዞ ነው የሚመጣ» አሉኝ። አንቺ እንዲህ ያለውን እንዴት ነው የምትመልሺው? ወንድና ሴት ሲመጡ የሁለቱንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ? ኮፒስ ታስቀሪያለሽ? ፈቃዱንና የኪራይ ግብሩን ከመጀመሪያው ነው ያስተካከልሽው ወይስ እየሠራሽ? የእኛን ውሃ ደግሞ አትጠይቂኝ፤ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ ሳልገዛ እንግዳው በሳሙና አረፋ መሃል እያለ ውሃው ቢሄድበትስ?

እስካሁን የቆረጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመስከረም 17 እስከ 22 ክፍሉን ለማንም አላከራይም፣ ለግሸን ሰዎች ነው። ልጁ «አክስቴ፣ ዋጋ የሚጨምረው እኮ ያኔ ነው፤ አልጋ ተፈልጎ የማይገኝበት ጊዜ ነው» ብሎ ተቆጣ። እኔም «ለዚህ ነው የማላከራየው» አልኩት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንነጋገርም። የቀረውን የዓመቱን ጊዜ ግን… አላውቅም፤ ልቤ ወደ ማከራየቱ ያደላል፣ ስለ ጣራው ይሁን ስለዚያ ሳል መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ ነሐሴ ሳያልቅ ነይልኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሁለት ሌሊት እዚያ ክፍል ተኚበትና እንግዳ እንደሆንሽ ሁሉ የጎደለውን ንገሪኝ። የእሷ ነጠላ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ይቆይ ወይስ ይነሳ፣ እሱንም አንቺ ወስኚልኝ። ጣራው በራስጌ በኩል ስለሚያፈስ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼልሻለሁ።

ያንቺው፣
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ