ይድረስ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፦ እሷም በዛው ሰዓት ትናገር

ጤና ይስጥልኝ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች። እኔ ጋዜጠኛም ጠበቃም አይደለሁም፣ አራዳ ክፍለ ከተማ የምኖር ተራ ሰው ነኝ። ሰሞኑን አንድ የቴሌቭዥን ጣቢያ በአንዲት የሰብዓዊ መብት ተሟጋች ላይ እያከታተለ የሚለቀውን ፕሮግራም አይታችሁ ከሆነ ስለማን እንደማወራ ገብቷችኋል፣ ካላያችሁት ደግሞ ስራችሁ ነውና እዩት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ከበቂ በላይ ተጠርቷል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ፎቶ አለ፣ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) በር ላይ ቆማ፣ ጭንቅላቷ ዙሪያ ቀይ ክብ ሰርተውበት ከስር የሚያስፈራ ሙዚቃ ለቀውበት ተራኪው "ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?" ይላል። እስቲ ቪድዮውን እዛ ጋ አቁሙትና እዩ፣ አንገቷ ላይ የስብሰባው ባጅ ተንጠልጥሏል እኮ! ተጋብዛ፣ ተፈትሻ፣ ስሟን አስመዝግባ የገባችበት ስብሰባ ነው። ባጅ አንጠልጥሎ የሚሰልል ሰው የት አገር ነው ያለው?

ሌላው ዶላር ነው። ድርጅቷ ከውጭ ብር ያገኛል፣ ስለዚህ ተላላኪ ናት፣ ባንዳ ናት ምናምን። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ቢሆን እሺ፣ መብት ላይ የሚሰራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ አስሮት ነበር፣ ግን ያ ህግ በ2011 በአዋጅ 1113 ተሽሯል፣ የሻረውም ፓርላማው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። አሁን ህጋዊ የሆነን ነገር ልክ ጓዳ ውስጥ ያገኙት ሚስጥር አስመስለው ያወሩታል። (ለነገሩ መንግስትም ብድርና እርዳታ ከውጭ ይቀበላል፣ ማንም ክብ ሰርቶ ሙዚቃ አልለቀቀበትም።)

እኔ የማውቃት በወንድሜ ነው። ተይዞ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ስንቅ ይዘን ስንመላለስ በር ላይ "እዚህ የለም" እየተባልን እናቴ ልትሞት ደርሳ ነበር። መጣች፣ አልጮኸችም፣ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት እናቴን ጠይቃ ጻፈች፣ ከዛ ተረኛውን "ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ 48 ሰዓት ነው የሚለው፣ ይሄ ልጅ አልፎታል" አለችው፣ በቃ። በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። የማን ደጋፊ ናችሁ አላለችንም፣ ሻይ እንኳን አልጠጣችብንም።

አሁን አከራይዋ ቤቴን ልቀቂልኝ ብሏታል፣ ፒያሳ ካፌ ስትገባ በስልክ ይቀርጿታል። ይሄ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን የታሳሪ ቤተሰብ ስልኳን ማንሳት መፍራቱ ነው፣ እሷ ጋ መደወል ራሱ ሊያሳስር ይችላል ብለው። ስሟ ሲጠፋ ረዳት ያጣው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ፌስታል ይዞ የቆመው ሰው ነው።

ደሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ2004 ኅዳር ላይ ኢቲቪ አኬልዳማ ብሎ የለቀቀውን ዘጋቢ ፊልም የረሳ የለም፣ ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት የነበረ ሰዎችን አሸባሪ ብሎ ጨርሶላቸው ነበር። ከዛም በፊት በ1989 የኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ) ስራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልና የመምህራን ማህበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ እዚሁ አዲስ አበባ ጠዋት ወደ ስራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፣ ድብቅ የታጠቀ ቡድን አባል ነበሩ የተባለው ከሞቱ በኋላ ነው፣ እንግዲህ ማን ይመልስ።

ጣቢያው ይዘጋ አላልኩም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። እሷም አትፈልግም። መዝጋት ሲጀመር የት እንደሚቆም አይታወቅም፣ ሐምሌ 2013 አዲስ ስታንዳርድ የተባለው ሚዲያ ሲታገድም አይተናል። በመገናኛ ብዙኃን አዋጁ፣ በአዋጅ 1238፣ በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከወንጀልነት ወጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ መሆኑንም እደግፋለሁ፣ ጋዜጠኛ በጻፈው መታሰር የለበትም፣ የማልወደው ጋዜጠኛም ቢሆን። ግን እዛው አዋጅ ላይ ስሙ የተነሳ ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው ይላል፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 24 ላይ የክብርና የመልካም ስም መብት ብሎ አስቀምጦታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ መልሷ በዛው ጣቢያ፣ በዛው ሰዓት፣ ሳይቆራረጥ እንዲተላለፍ እንድታስደርጉ ነው። ሰው ራት እየበላ ሲያያት የተሰደበች ሴት መልሷ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በአንድ ደቂቃ ቢነበብ ምን ይጠቅማታል? መረጃ አለን የሚሉ ከሆነ ደግሞ ለዐቃቤ ህግ ይስጡት፣ ፍርድ ቤቱ ልደታ ነው ያለው፣ ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም።

የተላለፉትን ክፍሎች በሙሉ ዳውንሎድ አድርጌያቸዋለሁ፣ ጣቢያው ነገ ቢያጠፋቸውም እኔ ጋ አሉ። የሚመለከተው ክፍል ከፈለጋቸው ንገሩኝ፣ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ።