እማዬ፣ ላቬንደሩን ውሃ አታብዢበት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አባዬስ ጉልበቱን ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ፖስታውን ስትከፍቺ ሽታው ከደብዳቤው ቀድሞ ሳይደርስሽ አይቀርም። በትንሿ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያለው የደረቀ ላቬንደር ነው። አበባውን ከደጄ ቆርጬ ያደረቅኩት እኔ ነኝ፤ ከረጢቷንም የሰፋኋት እኔው ነኝ። ትራስሽ ሥር አድርጊያት። ሽታው ሲደክም በእጅሽ ፈተግ ፈተግ አድርጊው፣ ይመለሳል።

ባለፈው በስልክ "ላቬንደር ተክያለሁ፣ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ" ስትይኝ ልቤ ድንግጥ አለ። ልነግርሽ ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። እማዬ በሞቴ፣ ውሃውን ቀንሺለት።

እኔ የመጀመሪያዋን ተክሌን ያጣኋት በውሃ ነው። እዚህ እንደመጣሁ ሰው አላውቅም ነበር። ከሥራ ስገባ የምትጠብቀኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ በየቀኑ አጠጣታለሁ። ቅጠሏ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሲሆን የጠማት መስሎኝ ጨመርኩላት። በመጨረሻ ስነቅላት ሥሯ ጠቁሮ ላሽቋል። በጣም አዘንኩ። ላቬንደር ሲጠማውም ይጠወልጋል፣ ውሃ ሲበዛበትም ይጠወልጋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን አይተሽ አትፍረጂ፣ አፈሩን ጠይቂው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አስገቢ፤ እርጥበት ካገኘሽ ዛሬ ይለፈው። ችግኙ ገና አዲስ ስለሆነ ሥር እስኪይዝ ድረስ ጨርሶ አይድረቅ። ከያዘ በኋላ ግን ጥሩ አድርገሽ ታጠጪና አፈሩ እስኪደርቅ ድረስ ትተዪዋለሽ።

ተፈጥሮው ነው። አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው፣ ፀሐይ የሚበዛበት ድንጋያማ ኮረብታ። ቅጠሉን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ ቀጭን ነው፣ አመድ የመሰለ፣ በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ። ውሃውን ፀሐይ እንዳትወስድበት እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።

ስለዚህ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይሁን። አፈሩ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ አሸዋና ጠጠር በደንብ ቀላቅይበት፣ ወይም መደቡን ከፍ አድርጊው። ብዙ ዝናብ ካለ የሸክላ ማሰሮ ይሻላል፣ ግን ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ፍግም አታድርጊበት። ለሌላው አትክልት ፍግ እንደምታበዢ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን አይወድም። ምግብ ሲበዛለት ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባውና ሽታው ግን ይቀንሳል። ብዙ ችግኝ ከሆነ በመሃላቸው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዪ፤ ነፋስ ይለፍበት።

አባዬ መቀስ ከያዘ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ይህን አንብቢለት። አበባው ሲያልቅ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛውን ይከርክመው። ከታች ያለውን ቅጠል የሌለውን እንጨት ግን እንዳይነካ! ከደረቀው እንጨት ላይ አዲስ ቅጠል ብዙ ጊዜ አይወጣም። በየዓመቱ ሳይከረከም የቀረ ደግሞ መሃሉ ይከፈትና ግንዱ ይሰነጠቃል። በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

እህቴ ከፈለገች በዘር አትድከም። ዘሩ ለመብቀል ሳምንታት ይፈጃል፣ የሚበቅለውም እናቱን ላይመስል ይችላል። አበባ ያልያዘ ለጋ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠሽ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ሰክተሽ ጥላ ውስጥ አኑሪላት። ከወር እስከ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። በቀስታ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለሽ ይዟል ማለት ነው።

እኔ በጣም የምወደው መሰብሰቡን ነው። ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ፣ ፀሐይ ሳይከር እወጣለሁ። ከአንዱ ዘለላ ላይ ጥቂቶቹ አበቦች ብቻ ሲፈነዱ ነው የምቆርጠው፤ ሽታው ያኔ ይሻላል። ሁሉም እስኪፈነዳ ከጠበቅሽ ሲደርቅ ይረግፋል። ንቦቹ ስለሚያሳዝኑኝ ግን ጥቂት ዘለላ ሁልጊዜ እተውላቸዋለሁ። የቆረጥኩትን በእፍኝ በእፍኝ አስሬ፣ አናቱን ወደ ታች አድርጌ ጨለም ያለ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እሰቅላለሁ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ቀለሙ ይጠፋል። ከደረቀ በኋላ በእጄ አራግፌ ጠርሙስ ውስጥ እከድነዋለሁ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በልብሶችሽ መሃል አንድ ሁለት ከረጢት አስቀምጪ፤ ብል ሽታውን አይወድም።

ዘይት ከፈለግሽ የደረቀውን አበባ በወይራ ዘይት ነክረሽ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታቆዪና ታጣሪዋለሽ፤ እጅና እግር ለማሸት ጥሩ ነው። አበባው ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። በብልቃጥ የሚሸጠው ከዚህ የተለየ ነው። እሱ በእንፋሎት የወጣ ኃይለኛ ዘይት ነው፣ አይጠጣም፣ ሳይበረዝም ቆዳ ላይ አይደረግም። ለ30 ሚሊ ሊትር ሌላ ዘይት 12 ጠብታ ይበቃል። ከድመቷም አርቂው፤ የድመት ጉበት አይችለውም።

አንድ ነገር አጣሪልኝ። አበባው ሲወጣ አናቱ ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ የቆመ ነገር አለው? ካለው ለማየት የሚያምር ሌላ ዓይነት ነው፣ ለከረጢቱ ግን ሽታው እንደዚህኛው አይሆንም። ከሆነ ንገሪኝ፣ የዚህኛውን ትክክለኛ ስም ጽፌ እልክልሻለሁ፣ ችግኝ ስትፈልጊ ለሻጩ ታሳዪዋለሽ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢና በእሑድ ስልካችን ንገሪኝ። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

የምወድሽ ልጅሽ