የግል ጉብኝት ከተባለ ጉብኝቱ የእኛ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ሰሞኑን ግን «ጎንደርን በግማሽ ቀን፣ በግል» የሚል ማስታወቂያ በየሄድኩበት ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም በዚሁ በግማሽ ቀን ሄጄ መጥቻለሁ። ከአባቴ ጋር።

አባባ ግንበኛ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ «ነበሩ» ማለት ግን አይወዱም። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያም ሆኖ አዲስ ሕንፃ ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ማዕዘኑን ያዩታል። ግድግዳው ከቱንቢው ትንሽ ካዘነበለ ቤት እስክንገባ ወሬያቸው እሱ ነው። ፋሲል ግንብን የሚያውቁት ከድሮው የሃምሳ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። «በደሞዝ ቀን ብቻ ነበር የማየው» ይላሉ። እናም ዘንድሮ እጄ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲተርፈኝ፣ ሳያረጁብኝ ይዣቸው ልሂድ አልኩ።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት አገኘሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለም። የግል ጉብኝት ነው አሉኝ። ለሁለታችን ብቻ፣ መኪና ከነሹፌሩ፣ አስጎብኚ ጭምር። ከሌላ እንግዳ ጋር አንቀላቀልም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆቴል ይወስዱናል፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ይመልሱናል። በመሀል የነገሥታቱ ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ በመጨረሻም «የእደ ጥበብ ውጤቶች»። አምስት ቦታ በአራት ሰዓት። ያኔ ሒሳቡን አልሠራሁትም። «የግል» የሚለው ቃል ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

አስጎብኚያችን ጨዋ ልጅ ነው። ከመኪናው ሲወርዱ አባባን ደግፎ አወረዳቸው፤ እሱን አልረሳለትም። በሩ ላይ ቁጥሮቹን ዘረዘረልን። ግቢው 70 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። ዙሪያው ያለው ቅጥር 900 ሜትር ይረዝማል። በሮቹ 12 ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 መዝግቦታል። ሁሉም ልክ ነው። ግን በሮቹ ስም እንዳላቸው አልነገረንም። ወምበር በር የዳኞች ነው። እምቢልታ በር የሙዚቀኞች ነው። አደናግር በር የፈታዮች ነው፤ ጥጥ የሚፈትሉት ማለት ነው። እርግብ በር አለ፣ ተዝካሮ በር አለ፣ ባልደራስ በር አለ። ስሞቹን ብቻ አንድ በአንድ ቢጠራልን በዚያ ግቢ ውስጥ ማን ይወጣ ማን ይገባ እንደነበር በዓይናችን ይመጣ ነበር። እኔ ያነበብኩት ተመልሼ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው ከፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ስንደርስ ነው። አስጎብኚው ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ታሪኩን ጀመረ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ፣ ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ከፍታው 32 ሜትር ይደርሳል፣ ሰማይ ሲጠራ ከጣሪያው ላይ ጣና ይታያል። ዞር ስል አባባ አጠገቤ የሉም። ግንቡ ጋ ሄደው በአውራ ጣታቸው በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ማያያዣ ይፈቀፍቃሉ። ጣታቸውን አሽተው አዩት፣ አሸተቱትም።

«ኖራ ነው» አሉ። «ይሄ ሁሉ ፎቅ በኖራ ነው የቆመው?»

ልጁ ፈገግ አለ። «አዎ አባባ። ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት።»

«ድንጋዩን ከፖርቹጋል አመጡት?»

«አይ፣ ድንጋዩ የዚሁ ነው።»

«ጠራቢውስ? ተሸካሚውስ? ኖራውን ያቦካው ማነው?»

ልጁ ሰዓቱን አየ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። «ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚለውን ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን፤ ማንም ግን ቆም ብሎ አይጠይቅም። ዐፄ ፋሲል እኮ ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ማለት ነው፣ ከአገር ያስወጡት ንጉሥ ናቸው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር በደም ከታጠበ በኋላ የቀደመውን ሃይማኖት የመለሱት እሳቸው ናቸው። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ ነው። ግንብ መገንባትም በጎንደር አልተጀመረም። ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። እንፍራዝ አጠገብ ደግሞ በዐፄ ሠርጸ ድንግል ስም የሚታወቀው የጉዛራ ግንብ አለ። የውጭ እጅ የለበትም አልልም። የአውሮፓም የሕንድም ጥበብ እንደገባበት ባለሙያዎቹ ይጽፋሉ፣ ማዕዘን ላይ ያሉት ባለ ጉልላት ማማዎችም ይመሰክራሉ። ግን ጥበብ መዋስ አንድ ነገር ነው፣ «እነሱ ሠሩት» ማለት ሌላ ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ያነሳ ሰው ፊት ይህን ሲሉ ደግሞ ይከብዳል። አባባ ምንም አልመለሱም። ኮፍያቸውን አስተካክለው ተከተሉን።

የላይኛው ፎቅ በዚያ ቀን ዝግ ነበር። ስንከፍል ማንም አልነገረንም። ጣና በወሬ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ሆነ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዳዊት የመዝሙር ቤት፣ የበካፋ የግብር አዳራሽ፣ የአንበሶቹ ቤት። ከያንዳንዱ ፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆም፣ ፎቶ፣ ቀጥል። «አባባ፣ ሰዓት እንዳይሄድብን» ይላል ልጁ። አባባም በዚያ ጉልበታቸው ይከተላሉ። በግል የሄድነው እኛ ነን፤ የምንጣደፈው ግን በአርባ ሰው አውቶቡስ የመጣን ይመስል ነበር።

ደግነቱ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ የልጁ ስልክ ጮኸ። ራቅ ብሎ ማውራት ጀመረ። ይሄ ቤት ጣሪያው እንደ ኮርቻ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 መጥቶ ያከመው ይህንኑ ንጉሥ ነው። በዘመኑ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ። ዛሬ ሰማይ የሚታይበት ባዶ ግድግዳ ነው። አባባ በጣም የወደዱት እሱን ነው። «የተሠራበት ይታያል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የፈረሰ ግንብ ለግንበኛ እንደተከፈተ መጽሐፍ ነው። የግድግዳው ውፍረት፣ የቅስቱ ድንጋይ እንዴት እንደተነካከሰ፣ ወለሉ ያረፈባቸው ጉድጓዶች፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥላ ሥር አንድ ጥበቃ ተቀምጠዋል። ከአባባ ትንሽ ቢያንሱ ነው። አባባ ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ አዩና «ሙያ አለዎት እንዴ?» አሏቸው። በቃ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ለካ ሰውየው በወጣትነታቸው ግቢው ሲጠገን ቀን ሠራተኛ ሆነው ኖራ ተሸክመዋል። ጣልያን እዚህ በነበረበት ጊዜ ግንቦቹን ለቢሮ ሲጠቀምባቸው በሲሚንቶና በብረት እንደጠገናቸው፣ በኋላ በዩኔስኮ እርዳታ ሲጠገን ያ ሲሚንቶ እየተፈለፈለ ወጥቶ በኖራ እንደተተካ ነገሯቸው።

«ለምን አወጡት? ሲሚንቶ አይጠነክርም?» አልኩ እኔ፣ ያልተማርኩት።

አባባ ናቸው የመለሱልኝ። «ይጠነክራል እንጂ። ችግሩም እሱ ነው። ኖራ ውሃውን ያስገባዋል፣ መልሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። የታፈነው ውሃ ድንጋዩን ይበላዋል።» ጥበቃው በጭንቅላታቸው አረጋገጡ። ከዚያ ኖራ ከተቃጠለ በኋላ በውሃ እንዴት እንደሚበርድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚከርም፣ ሳይከርም የተጣደፈበት ልስን እንዴት እንደሚሰነጠቅ ተጨዋወቱ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይቀበላል። እኔ ቆሜ አዳምጣለሁ። የነገሥታቱ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያለበት ሆኖ ታየኝ።

ሃያ ደቂቃ ሆነን መሰለኝ። ልጁ ስልኩን ዘግቶ መጣ። «አባባ፣ በጣም ዘግይተናል፤ ሹፌሩ እየጠበቀን ነው።» አባባ ተነሱ። ከጥበቃው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ስማቸውን ሳንጠይቅ ሄድን።

የቀረው በአጭሩ ይህን ይመስላል። የፋሲል መዋኛ ጥምቀት ስላልሆነ ውሃ አልነበረበትም፤ የዛፎቹ ሥር ቅጥሩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦት አየንና አስር ደቂቃ ቆየን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የተረፈ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ንብ አስጣለው ይባላል። የመላእክቱን ፊት ቀና ብለን እያየን አንገታችን ሳይደክም «እንሂድ» ተባልን። ቁስቋምን ከመኪና ሳንወርድ ነው ያየነው ማለት ይቻላል። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ የሠሩት ግቢ ነው። የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም እዚያ ነው ያለው። የቀላ ድንጋይ ጌጡ ደግሞ ለድንጋይ ጠራቢ ዓይን ግማሽ ቀን ብቻውን ይበቃ ነበር። «ሰዓት የለም» ተባልን።

ሱቁ ጋ ግን ሰዓት ነበር። ቡና ተፈላልን፣ ጥበብ ተዘረጋልን፣ የእንጨት መስቀል ተደረደረልን። ከሰዓቴ ላይ አይቻለሁ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። አባባ አንድ መዶሻ ቢያዩ ይገዙ ነበር፣ መዶሻ አልነበረም።

በልጁ አልፈርድም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው ግጭት እንግዳ እንዴት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ከግቢው ፊት ባለው ጃን ተከል አደባባይ ላይ ስንቱ አስጎብኚ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አይተናል። ደሞዝ የሌለው ሰው ከሱቅ ኮሚሽን ቢጠብቅ አይገርመኝም። አምስት ቦታ የሚለውን ዝርዝር ያወጣውም እሱ አይደለም። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው ያወጣው፤ የቦታው ቁጥር ሲበዛ ገዢው የተጠቀመ ይመስለዋል ብሎ።

እኔ የምለው ይህ ነው። ግማሽ ቀን አያንስም። እንዲያውም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ልክ ነው። ግን የግል ብላችሁ ከሸጣችሁልን ጉብኝቱን ለእኛ ተዉልን። ከመነሳታችን በፊት በስልክ «ማንን ነው የምናስጎበኘው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግንበኛ ከሆነ ግንቡ ጋ አቁሙት፤ ቁስቋም ይቅር ወይም ግቢው ይቅርና ቁስቋም ይሁን። መምህር ከሆነ ሌላ ነው፣ ቄስ ከሆነም ሌላ። ዝግ የሆነ ፎቅ ካለ ገንዘብ ሳትቀበሉ ንገሩን። ሱቁን የሚፈልግ ይጠይቃችኋል። አስጎብኚዎችን የሚያሠለጥነው አካል ደግሞ ከነገሥታቱ ስምና ዘመን ጋር ስለ ሥራው ቢያስተምር ምን አለበት? ግንቡ እንዴት እንደተሠራ፣ በምን እንደተሠራ፣ ለምን እንደሚሰነጠቅ። በቅርቡ ትልቅ እድሳት ሲደረግ በአካባቢው የነበሩት ግንበኞችና ቀን ሠራተኞች ዛሬም ከተማዋ ውስጥ ናቸው። እነሱን ለአንድ ሰዓት ማስቀመጥ ከአዲስ ብሮሹር ይረክሳል።

አባባ ከተመለስን ወዲህ ስለ ነገሥታቱ አንድም ቀን አላነሱም። የሚያነሱት ጥበቃውን ነው። ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ስንት ወር ይከርማል በሚለው ላይ ሁለቱ አልተስማሙም ነበር፤ ልጁ «ሹፌሩ እየጠበቀን ነው» ሲል ሳይቋጭ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ መልሼ ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ። እስከዚያ ድረስ ኖራ እንዴት እንደሚቦካ የሚያውቅ አስጎብኚ የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ በጋዜጣችሁ በኩል ቢጽፍልኝ አመሰግናለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ