ጅማም ልጆች የሚውሉበት ቦታ አላት

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ልጆችን ይዞ የት መዋል እንደሚቻል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። እንጦጦ ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ። ቦታዎቹን አይተናቸዋል፣ ልጆቹም በጣም ወደዋቸዋል። ግን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ለምንኖር ሰዎች ምን ይጠቅመናል? ይባስ ብላ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «እኛ ከተማ ምንም የለም አይደል፣ አባዬ?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሷ ናት።

አለ እንጂ! ቅድሚያ ጅሬን። ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ባጃጅ ይወስዳችኋል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ኮረብታው ላይ ነው። ከእንጨት የተሠራ ፎቅ ነው፣ ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል ታያላችሁ። ልጅ ግን ዝም ብሎ አሮጌ ቤት እይ ቢሉት ቶሎ ይሰለቻል። እኔ ታሪኩን ማታውኑ እነግራቸዋለሁ። ንጉሡ ከ50 ዓመት በላይ እንደገዙ፣ የምኒልክ ኃይል ሲመጣ ከመዋጋት ይልቅ መገበርን እንደመረጡና ጅማ በዚያ ምክንያት ከጦርነት እንደተረፈች። ባለፈው ስንሄድ ትንሹ ልጄ ደረጃው ላይ ቆሞ «ታዲያ ፈርተው ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ጎንበስ ብለው «አይ ልጄ፣ ሕዝቡ እንዳያልቅ ብለው ነው» አሉት። እስከ ቤት ድረስ ስለዚህ ሲያወራ መጣ። ከተማ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ከዚያ በኋላ አሳዩአቸው፣ የንጉሡን ዕቃዎች ሲያዩ የማን እንደሆኑ አስቀድመው ያውቃሉ።

ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው። ትምህርት ስላለ እኛ የምንደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቢሆንም ብዙ የሚታይ አይጠፋም። ልጆቼ ሁልጊዜ የሚቆሙት በርጩማ የሚሠሩት ጋ ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ተገጣጥሞ የሚሠራ ሳይሆን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ሠራተኛው እግሩን በመሮ ሲያወጣ፣ ፍቅፋቂው እግሩ ሥር ሲከመር፣ ልጄ ቁጭ ብላ ቆየችና አንዱን ቁራጭ አንስታ አሸተተችው። እስካሁን ደብተሯ ውስጥ አለ። ገንዘብ ሳናወጣ ግማሽ ቀን ዋልን።

የቦዬን ረግረግ አትርሱ። በአዲስ አበባው መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ወፎች ብዙ ናቸው፣ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የሚመስል ላባ ያለውን ወፍ ካገኛችሁ ልጆቹ ከዚያ ንቅንቅ አይሉም። ጉማሬም አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከውኃው በላይ የሚታየው ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው። እባካችሁ ከዳር ራቅ ብላችሁ እዩ። ሳይመሽም ተመለሱ፣ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከውኃ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ልጅ ይዞ ከዚህ እንስሳ ጋር ቀልድ የለም።

ቀኑ ሙሉ ካላችሁና መኪና ካገኛችሁ በቦንጋ መንገድ የበለጤ ጫካ አለ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ወደ አጋሮ መስመር ሂዱ። ቡና ተገኘባት የምትባለው ጮጬ በዚያ ናት። በየቀኑ ቡና በሚፈላበት ቤት የሚያድጉት ልጆቼ ቡናውን ዛፉ ላይ ያዩት እዚያ ሄደው ነው። ባለቤቱን አስፈቅደን አንድ አንድ ቀይ ፍሬ ቆረጥን። ልጄ ነክሳ ቀመሰችውና «ይጣፍጣል እኮ!» አለች። ቡና የሚያውቁት መራራ መሆኑን ነበር።

አንድ የከፋኝን ነገር ግን ልናገር። አንድ ቦታ ከፍለን ገባንና ትንሹ ልጅ ሽንቱ መጣ። ሽንት ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፍ የያዘው ሰውም የለም። ልጁ እያለቀሰ ሳናይ ተመለስን። የማን ቦታ እንደሆነ እዚህ አልናገርም። ነገር ግን ቤተሰብ ኑ የሚል ሁሉ ክፍት ሽንት ቤት፣ የሚጠጣ ውኃና እናት ሕፃን ይዛ አረፍ የምትልበት ጥላ ያለው መቀመጫ ያዘጋጅ። ይህ ብዙ ወጪ አይፈልግም። እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከአዲስ አበባ ውጡና ጅማን፣ ሌሎቹንም ከተሞች እዩልን።

የምትመጡ ከሆነ በኅዳር ኑ። ዝናቡ ያባራል፣ ጭቃው ይደርቃል። ከታኅሣሥ በኋላ ከመጣችሁ ግን ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ ያልቃል፣ ልጆቹ የሚቀምሱት አያገኙም።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከጅማ