ልጆቹን መጀመሪያ ከሪንጉ ስር አስተምሯቸው

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነው የምፅፍላችሁ። የስፖርት ገፃችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ስለ ባስኬት የሚወጣው ግን ማን ማንን በስንት አሸነፈ ብቻ ነው፣ ልጆቹ ምን እየተማሩ ነው የሚለውን የሚያነሳ ስለሌለ እኔ ላንሳው ብዬ ነው።

ሳቢያን ማታ ማታ ፀሐዩ በረድ ሲል የሰፈር ልጆች አሰለጥናለሁ፣ ኳስ የሰጠኸው ልጅ ሁሉ በቀጥታ የሚሮጠው ወደ ሶስት ነጥብ መስመር ነው። በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ ከሩቅ በመወርወር የታወቀውን ስቴፈን ከሪን በስልክ እያዩ ነው ያደጉት፣ አልፈርድባቸውም። ግን አቦ መስመሩ'ኮ 6.75 ሜትር ነው፣ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ እዛ ለማድረስ ኳሷን ከወገቡ ጀምሮ ነው የሚወረውራት፣ አወራወሩም እንደዛው ተበላሽቶ ይቀራል፣ ሜዳችን ደግሞ ክፍት ነው፣ ንፋስ ከመጣ የሩቅ ሹት አለቀለት።

ፖስት፣ ማለትም ከሪንጉ አጠገብ ጀርባ ሰጥቶ መጫወት፣ ላስተምራችሁ ስላቸው "እሱ ለረጃጅሞች ነው" ይሉኛል፣ አንዳንድ አሰልጣኞችም እንደዛ ነው የሚያስቡት። አይደለም! ፖስት ከቁመት በፊት እግር ነው የሚፈልገው። ጀርባህን ለሪንጉ ሰጥተህ፣ እግርህን ከፈት ጉልበትህን አጠፍ አርገህ ትቆማለህ፣ ኳስ ከመምጣቱ በፊት ተከላካዩ በየት በኩል እንደተጫነህ በጀርባህ ታውቀዋለህ። በመሃል በኩል ከተጫነህ በቤዝላይን (ከሪንጉ ኋላ ባለው የሜዳ መስመር) በኩል ያለውን እግርህን ወደ ኋላ ወደ ሪንጉ ትጥላለህ፣ ድሮፕ ስቴፕ የሚሉት ይሄ ነው፣ አንዴ ብቻ ጠንከር ያለ ድሪብል (ኳሷን መሬት ማንጠር)፣ ከዛ በሁለት እግር ተነስተህ ቦርዱን ትመታለህ። እሱን ከዘጋብህ ወደ መሃል ዞረህ ሁክ (በአንድ እጅ ከጭንቅላት በላይ አሻግሮ መወርወር)፣ ሁኩን ለመከላከል ከዘለለ ደግሞ ፌክ አርገህ፣ ልትወረውር አስመስለህ፣ በስሩ ታልፋለህ። ሶስት ነገር ነው፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፣ አጭሯ ልጅም በእኩያዋ ላይ ትሰራዋለች፣ ሴቶቹ እንደውም ቶሎ ነው የገባቸው።

እዚህ ጋ ለሰፈር ውድድር ዳኞች አንድ ነገር ልበል። ልጅ ፌክ አርጎ በስር ሲያልፍ ፒቮት እግሩ (መሬት ላይ ተክሎ የሚዞርበት እግር) ስለተነሳ ብቻ ስቴፕስ (ኳስ ይዞ ተራመደ) ተብሎ ይነፋበታል። ሕጉ'ኮ ሹት ወይም ፓስ ለማድረግ ፒቮቱን ማንሳት ይፈቅዳል፣ እግሩ መልሶ መሬት ሳይነካ ኳሱ ከእጁ ይውጣ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ ኳሱን መልቀቅ ያለበት ድሪብል ሊጀምር ሲል ነው። አንዴ በስህተት የተነፋበት ልጅ ሁለተኛ አይሞክረውም፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ናይጄሪያ የተወለደውን የኤንቢኤ ተጫዋች ሀኪም ኦላጁዋንን እዩት፣ ሌጎስ ውስጥ እግር ኳስ በረኛ ነበር፣ እጅ ኳስም ይጫወት ነበር፣ ባስኬት የጀመረው በ15 ዓመቱ አካባቢ ነው፣ ከዛ በዛ እግሩ ክለቡን ሂውስተንን እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮን አረገ። የኛም ልጆች ከእግር ኳስ ነው የሚመጡት፣ እግሩ አላቸው። የድሮው አሜሪካዊ ተጫዋች ጆርጅ ሚካን ደግሞ 2.08 ሜትር ሆኖ እንኳን ኮሌጅ እያለ አሰልጣኙ ሬይ ሜየር ገመድ ያዘልለው፣ ዳንስ ያስተምረው ነበር፣ በኋላ ከሪንጉ ስር ማን ያቁመው፣ ኤንቢኤ በሱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1951 ከሪንጉ ስር ያለውን ሳጥን ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ አሰፋው። በስሙ የሚጠራው ልምምድ ዛሬም አለ፣ ከሪንጉ ስር ሆነህ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጅ ኳሷን ከአገጭህ ሳታወርድ ማግባት ነው። አንድ ሪንግና አንድ ኳስ ካለ ሰልፍ ይዘው ተራ በተራ ይሰሩታል፣ ሙሉ ሜዳ ምናምን አያስፈልግም፣ ለኛ ደግሞ ኳስም ሪንግም እንደልብ ስለሌለ ከዚህ የተሻለ የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ከስፖርት ገፁ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ስጡንና በየጊዜው አንድ እንቅስቃሴ ከነስዕሉ ይውጣ፣ መጀመሪያ ድሮፕ ስቴፑ ይሁን። ሰዓሊ ከሌላችሁ የእግር አቀማመጡን እኔው ስዬ እልካለሁ።

አንድ የሰፈር አሰልጣኝ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ