«ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ከማለት በፊት ካልሲየሙ ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጡት ወይም የሳንባ ካንሰር፣ አለዚያም ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር የጠናበት ሰው ውሃ ውሃ ሲለው፣ ሽንቱ ሲበዛ፣ ሆዱ ሲደርቅ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሲቃዥ አስታማሚው ካንሰሩ «ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ባለሙያውም ቢሆን የሆድ ድርቀቱንና እንቅልፉን በሕመም ማስታገሻው በሞርፊን ያሳብባል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው በደም ውስጥ የበዛው ካልሲየም ነው፤ ይህ ደግሞ ይታከማል።

ካልሲየሙ በአብዛኛው የሚመጣው ካንሰሩ ከሚያሟሟው አጥንት ነው። ካልሲየሙ ሲበዛ ኩላሊት ውሃ መቆጠብ ያቅተዋል፤ በሽተኛው ፈሳሹ ባለቀ ቁጥር ካልሲየሙን የሚያስወግድበት አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ የከሳን ሰው ወተት መከልከል እምብዛም አይፈይድም። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እንክብል እንዲሁም የግፊት መድኃኒቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ሐኪም አይቷቸው መቆም አለባቸው።

የላቦራቶሪ ወረቀቱ ሊያሳስት ይችላል። ካልሲየሙ 10.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ አልቡሚኑ (ካልሲየምን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን) 2 ግራም በዴሲሊትር የሆነ በሽተኛ «ኖርማል ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ከ4 ላይ አልቡሚኑን ቀንሱ፣ በ0.8 አባዙ፣ በካልሲየሙ ላይ ደምሩ፤ 12 ይመጣል። ይህ የታረመው ቁጥር ከ14 በላይ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ነው። ላቦራቶሪዎች ሁለቱን አብረው ለክተው የታረመውን ቁጥር ቢጽፉ ምን ይከብዳል?

ሕክምናው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ይጀምራል። አስታማሚ ሁሉ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ቢልም የሚያስፈልገው ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ነው። ልብ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ የካንሰር መድኃኒት፣ ልቡን ያደከመበት ሰው በፍጥነት ከተሰጠው ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ካለ ይታይ፣ ትንፋሹም ይጠበቅ። ፈሳሹ ሳይተካ ሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሰማይድ መስጠት የሰውነቱን የፈሳሽ እጥረት ያባብሳል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ወዲያው ይነገር፤ ካልሲየም ሲበዛ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። የልብ ምርመራው ኢሲጂም ይነሳ።

ቀጥሎ ኩላሊት ታይቶ የአጥንቱን መሟሟት የሚገታው ዞሌድሮኒክ አሲድ 4 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል፣ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ። የሚሠራው ከ2 እስከ 4 ቀን ቆይቶ ስለሆነ በማግስቱ «አልሠራለትም» ብሎ ወደ ቤት መውሰድ ችኮላ ነው። ካንሰሩ ራሱ ካልታከመ ካልሲየሙ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ስለሚወጣ፣ በሽተኛው ቢሻለውም ካልሲየሙ ዳግም የሚለካበት ቀን ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ይቆረጥለት።

በካንሰር ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ